ግራቪቶማግኔቲዝም እና ፍሬም ድራጊንግ፦ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

#1 ኖድ_ቆጣሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ግራቪቶማግኔቲዝምና ፍሬም ድራጊንግ፣ ሁለቱም ቁስ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲሽከረከር በስበቱ ላይ ስለሚጨመረው ነገር የሚነሡ ቃላት፣ በየጽሑፉ እየተለዋወጡ ነው የሚገቡት። አንዱ ጋ "ማለትም" ተብለው ይያያዛሉ፣ ሌላው ጋ ደግሞ አንዱ የሌላው መንስኤ ይሆናል። ሦስት ጥያቄ አለኝ፦

(ሀ) ልዩነታቸው የት ላይ ነው?
(ለ) ከማክስዌል እኩልታዎች (ከኤሌክትሪክና መግነጢስ ሕጎች) ጋር ሲነጻጸሩ አንዱ ደራሲ 2፣ ሌላው 4 የሚያስገባው ለምንድን ነው?
(ሐ) ከምድር ወገብ በላይ ላለ ጋይሮስኮፕ (ዘንጉ አቅጣጫውን ጠብቆ የሚሽከረከር አካል) ስሠራው ዘንጉ ከምድር ዙረት በተቃራኒ ይዞራል የሚል መልስ ወጣልኝ። "መጎተት" ከተባለ አብሮ መዞር አልነበረበትም? የምልክት ስህተት ይሆን?

#2 ቴንሰር

ከ(ለ) ልጀምር፤ እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራም።

ስበቱ ደካማ፣ ፍጥነቱም ከብርሃን በጣም ያነሰ ሲሆን የኅዋ-ጊዜ ሜትሪክ (በኅዋና በጊዜ ርቀትን የሚወስነው የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ከጠፍጣፋው የሚያፈነግጠው በጥቂቱ ነው። ሜትሪኩ 10 ነጻ ክፍሎች አሉት። አንዱ (ጊዜ-ጊዜ) የኒውተንን ስበት ይሰጣል። ስድስቱ (ቦታ-ቦታ) የቦታን መጉበጥ ይይዛሉ። የቀሩት ሦስቱ (ጊዜ-ቦታ) አንድ ቬክተር ይሆናሉ፤ ግራቪቶማግኔቲዝም የሚባለው የእነዚህ የሦስቱ ሥራ ነው። ምንጫቸው የቁስ ፍሰት ነው፤ ቻርጅ ሲፈስ መግነጢሳዊ መስክ እንደሚፈጥር ሁሉ ቁስ ሲፈስ ይህን መስክ ይፈጥራል። ስሙ ግን አያታልላችሁ፤ ማግኔት የሚባል ነገር የለበትም፣ ኮምፓስ አያዞርም።

መስኩን "ኤች" እንበለው። የምጠቀመው ውል (የምልክትና የቁጥር አቀማመጥ ስምምነት) ይህ ነው፦

ፍጥንጥነት = ስበት + (ፍጥነት ✕ ኤች)
የጋይሮ ዘንግ አዟዟር = −ኤች ÷ 2

የኤች ከርል (መስኩ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚዞር የሚገልጸው) ደግሞ −16π ጂ × የቁስ ፍሰት ÷ ሲ² ነው፤ ጂ የስበት ቋሚ፣ ሲ የብርሃን ፍጥነት። ከማክስዌል የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምልክቱ ተገልብጧል፤ ቁስ ከቁስ ይሳሳባልና። ሁለተኛ፣ የኒውተን 4π ጂ በ4 ተባዝቷል፤ ይህ ስበት በቬክተር ሳይሆን በቴንሰር (ከቬክተር ብዙ ክፍል ባለው መጠን) ስለሚተላለፍ የሚመጣ ነው። በጋይሮው ላይ ያለው ግማሽ አዲስ ነገር አይደለም። የሚሽከረከር ቻርጅ ያለው ኳስ መግነጢሳዊ ሞመንቱ (የማግኔትነቱ ጥንካሬ) ከአንጉላር ሞመንተሙ (ከመሽከርከሩ መጠን) ጋር በ"ቻርጅ በ2 ማስ" ነው የሚያያዘው፤ እዚህ ቻርጁ ራሱ ማስ ስለሆነ ½ ብቻ ይቀራል።

#3 ሚሊአርክ

@ቴንሰር በ2 እና በ4 ላይ አንድ ልጨምር። 4ቱን አንዳንዱ ደራሲ ምንጩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ ኃይሉ ላይ፣ አንዳንዱ ደግሞ 2 እና 2 አድርጎ ይከፍለዋል። ሁሉም ትክክል ናቸው፣ እስካልተደባለቁ ድረስ። የመስኩን እኩልታ ከአንዱ፣ የኃይሉን ቀመር ከሌላው መገልበጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱ 2፣ 4 ወይም 16 እጥፍ ይስታል፣ ስሌቱ ግን የትም ላይ አይጮህም።

ውል አይታችሁ ከመጨነቅ ይህን ፈትሹ፦ አንጉላር ሞመንተሙ ጄ ከሆነ አካል ዋልታ በላይ፣ ከማዕከሉ አር ርቀት ላይ የቆመ ጋይሮ የግድ በ2 ጂ ጄ ÷ (ሲ² አር³) መዞር አለበት፣ ከአካሉ ዙረት ጋር በአንድ አቅጣጫ። ይህ ካልወጣ ሁለት ውል ተቀላቅሏል።

#4 ዋልታና_ወገብ

(ሐ) የምልክት ስህተት አይደለም። የሚሽከረከር ሉል የሚፈጥረው ኤች ልክ እንደ ትንሽ ማግኔት መስክ ባለሁለት ዋልታ ቅርጽ አለው። የማግኔት መስመሮች ከሰሜን ወጥተው ዞረው እንደሚመለሱ፣ ወገቡ ላይ አቅጣጫቸው ዋልታው ላይ ካለው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ፦

ዋልታ ላይ፦ +2 ጂ ጄ ÷ (ሲ² አር³)
ወገብ ላይ፦ −1 ጂ ጄ ÷ (ሲ² አር³)

በዓይነ ሕሊና ለማየት ምድርን ከሰሜን በላይ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ትዞራለች። ጋይሮውን በስተቀኝ አስቀምጡት። ወደ ምድር የቀረበው ጎኑ ይበልጥ ወደ ላይ ይጎተታል፣ የራቀው ጎኑ ያነሰ፤ ጉተታው ከርቀት ጋር ይቀንሳልና። ግራው ወደ ላይ ሲሄድ ቀኙ ከቀረ፣ ጋይሮው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይንከባለላል ማለት ነው፤ ሁለት ጥርሳም ማርሾች ሲነካኩ አንዱ በተቃራኒ እንደሚዞረው። ዋልታው ላይ ግን ጋይሮው መሐል ላይ ስለቆመ ዙሪያው በሙሉ አብሮ ይዞራል።

"ኅዋ እንደ ማር ተጣብቆ ይዞራል" የሚለው ምሳሌ ወገቡ ላይ ሰው የሚያሳስተው ለዚህ ነው። በምሳሌው ቁሙ፣ አትተኙበት።

#5 ኖድ_ቆጣሪ

ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን የሳተላይት ምህዋር ኖድ (ምህዋሩ የወገቡን ወለል ወደ ሰሜን ሲያቋርጥ ያለው ነጥብ) ዝንባሌው (ምህዋሩ ከወገቡ ወለል ጋር የሚሠራው ማዕዘን) ምንም ቢሆን ወደፊት ነው የሚሄደው ይባላል። ጋይሮው ወደ ኋላ፣ ኖዱ ወደፊት?

#6 ሚሊአርክ

አዎ፣ ከአንድ መስክ ሁለቱም ይወጣሉ። ጋይሮው በአንድ ቦታ ያለውን ኤች ያነባል። ምህዋሩ ግን በ"ፍጥነት ✕ ኤች" ነው የሚገፋው፣ ያም ዙሩን ሁሉ ይደመራል። ድምሩ፦

የኖድ አዟዟር = 2 ጂ ጄ ÷ (ሲ² ኤ³ (1−ኢ²)^1.5)

ኤ ግማሽ ትልቅ ዘንግ፣ ኢ የምህዋሩ መንጋደድ ነው። ዝንባሌው የለበትም። ሌንዘ እና ቲሪንግ በ1918 ያወጡት ይህ ነው። ርቀቱ ከምድር በሌዘር ለሚለካው ለላጂኦስ ሳተላይት በእጅ እናውጣው፦

የምድር ጄ ≈ 5.86 × 10³³ ኪ.ግ. ሜ²/ሰከንድ
2 ጂ ጄ ≈ 7.82 × 10²³
ኤ = 12,270 ኪ.ሜ፣ ስለዚህ ሲ² ኤ³ ≈ 1.66 × 10³⁸
ሲካፈል ≈ 4.7 × 10⁻¹⁵ ራዲያን በሰከንድ
በዓመት (3.156 × 10⁷ ሰከንድ) ≈ 1.49 × 10⁻⁷ ራዲያን ≈ 30.7 ሚሊ አርክሰከንድ (1 ዲግሪ = 3.6 ሚሊዮን ሚሊ አርክሰከንድ)

በምህዋሩ ላይ ሲለካ በዓመት 1.8 ሜትር ያህል ነው። ጨረራ ልኮ ርቀትን በሴንቲሜትርና ከዚያ በታች ለሚለካ የሌዘር ጣቢያ 1.8 ሜትር ትልቅ ቁጥር ነው። ችግሩ መለካቱ ላይ አይደለም።

ጄን በተመለከተ፦ ምድርን ወጥ ጥግግት ያላት ሉል አድርጋችሁ 0.4 ማስ አር² እንዳታስገቡ። ማዕከሏ ከባድ ስለሆነ ትክክለኛው 0.33 ገደማ ነው፤ 0.4 ካስገባችሁ ውጤቱ 20 በመቶ ያህል ይተልቃል።

#7 ጄሁለት

ችግሩ የት እንዳለ ስሜ ይናገራል። ምድር ወገቧ ላይ የሰፋች ስለሆነች የኒውተን ስበት ብቻ የላጂኦስን ኖድ በዓመት ወደ 125 ዲግሪ ያዞረዋል። ያ 450 ሚሊዮን ሚሊ አርክሰከንድ ነው። ከዚያ ውስጥ 30.7 መፈለግ ማለት የምድርን ጠፍጣፋነት ቁጥር (ጄ2፣ ከአንጉላር ሞመንተሙ ጄ የተለየ) ከ100 ሚሊዮን 7 እጅ በተሻለ ማወቅ ይጠይቃል፣ ያውም ምልክቱን ለማየት ብቻ። አንድ ሳተላይት ብቻውን አይበቃም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ማጣመር፦ ላጂኦስ 2 (በ1992 የመጠቀ፣ ዝንባሌው 52.6 ዲግሪ) ኖዱ በዓመት 231 ዲግሪ ያህል በተቃራኒ ይሄዳል። የላጂኦስን ኖድ በ0.545 ከተባዛው የላጂኦስ 2 ኖድ ጋር ስትደምሩ የጄ2 ስህተት ይሰረዛል፤ የሚቀረው የሌንዘ-ቲሪንግ ድምር ወደ 48 ሚሊ አርክሰከንድ በዓመት ነው። ቹፎሊኒ እና ፓቭሊስ በ2004 ከግሬስ ሳተላይቶች የስበት ካርታ ጋር ይህን አድርገው 10 በመቶ ስህተት ይዘው ከንድፈ ሐሳቡ ጋር እንደሚስማማ አሳተሙ። ስህተቱ ተቀንሶ ተገምቷል የሚል ክርክር ተነስቷል፣ ምክንያቱም ጄ2 ቢሰረዝም ጄ4 እና ከዚያ በላይ ያሉት የምድር ቅርጽ ቁጥሮች አይሰረዙም።

ሁለተኛው ይበልጥ ንጹሕ ነው። የጄ2 ውጤት ከዝንባሌው ኮሳይን ጋር ነው የሚሄደው። ዝንባሌያቸው ተደምሮ 180 ዲግሪ የሚሆን፣ ከፍታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሳተላይት ብትይዙ፣ ጠፍጣፋነቱ እኩልና ተቃራኒ ይገፋቸዋል፤ የሌንዘ-ቲሪንግ ግን ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ። ጄ4፣ ጄ6፣ ሁሉም ጥንድ ቁጥር አብሮ ይሰረዛል። ላጂኦስ 109.84 ዲግሪ ላይ ነው፤ ላሬስ 2 የተባለው ሳተላይት በሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) በ70.16 ዲግሪ ገደማ የተተከለው ለዚሁ ነው። ሁለቱን ኖዶች ደምሩ፣ 61 ሚሊ አርክሰከንድ ያህል ይቀራል።

ታዲያ ያኔም ዝንባሌውን በጥንቃቄ ማወቅ ይቀራል። ለ1 በመቶ ውጤት አማካይ ዝንባሌ ላይ የሚፈቀደው ስህተት ከ0.1 ሚሊ አርክሰከንድ በታች ነው።

#8 ኒዮቢየም

ከምህዋር ወደ ጋይሮ እንመለስ፤ ጋይሮስኮፖችን በኅዋ የሞከረው ሳተላይት፣ ግራቪቲ ፕሮብ ቢ፣ ያልተነሣበት ክር አይሞላም። በሚያዝያ 20 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) ከምድር 642 ኪ.ሜ ከፍታ ላይ በዋልታዎች በኩል የሚያልፍ ምህዋር ገባ። አራት ኳሶች፣ እያንዳንዳቸው 38 ሚሊ ሜትር፣ ከቀለጠ ኳርትዝ የተሠሩ፣ ከፍጹም ሉልነት የሚያፈነግጡት በአስር ናኖሜትር ደረጃ። ላያቸው በቀጭን ኒዮቢየም ተለብጧል። በ1.8 ኬልቪን ኒዮቢየም ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም የሚያሳልፍ) ነው፤ የሚሽከረከር ሱፐርኮንዳክተር ደግሞ ከማሽከርከሪያ ዘንጉ ጋር የተስተካከለ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ዘንጉ ወዴት እንደዞረ ኳሱን ሳይነኩ በስኩዊድ (እጅግ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ በሚለካ መሣሪያ) የሚነበበው በዚህ ነው። ማጣቀሻው አይኤም ፔጋሲ የተባለ ኮከብ ነበር።

ኮከቡ ራሱ በሰማይ ላይ ስለሚንቀሳቀስ እንቅስቃሴው በራዲዮ ቴሌስኮፖች ተለክቶ መቀነስ ነበረበት። ኮከቡ የተመረጠውም በብርሃንም በራዲዮም ስለሚታይ ነው።

ሁለት መዞር በአንድ ጊዜ ይለካሉ፣ በመካከላቸውም 90 ዲግሪ አለ፦

ጂኦዴቲክ (ምድር ባትሽከረከርም የሚኖረው መዞር፣ በምህዋሩ ወለል ውስጥ)፦ የሚጠበቀው 6606.1፣ የተለካው 6601.8 ± 18.3
ፍሬም ድራጊንግ (ለወለሉ ቀጥ ያለ)፦ የሚጠበቀው 39.2፣ የተለካው 37.2 ± 7.2

ሁሉም ሚሊ አርክሰከንድ በዓመት። የዋልታ ምህዋር የተመረጠው ሁለቱ እንዳይደባለቁ ነው። ምህዋሩ ቢያጋድል ትልቁ ወደ ትንሹ ይፈስሳል።

#9 ጠርጣራው

19 በመቶ ስህተት? የታለመው ከ1 በመቶ በታች አልነበረም?

#10 ኒዮቢየም

ነበር። ያበላሸው ኤሌክትሪክ ነው፣ ስበት አይደለም። ኳሱም የያዘው ቤትም ሽፋናቸው ላይ ቮልቴጃቸው የተለያየ እራፊዎች ነበሩባቸው፤ ክሪስታሎቹ በየአቅጣጫው ስለተኙ አንዱ እራፊ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። በኳሱና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ስለሚያንስ ያ ጥቂቱ ራሱ ጋይሮውን ጠመዘዘው። ከዚያ በላይ ደግሞ የኳሱ የውስጥ መንገዋለል ኃይል እያጣ ዑደቱ ከወር ወር ተለዋወጠ፤ ያም ከሳተላይቱ የ77.5 ሰከንድ ዙር ጋር በሚገጥምበት ቅጽበት ዘንጉ በድንገት ይዘላል። ይህን ሁሉ ሞዴል ሠርቶ ማጥራት ዓመታት ፈጀ፤ የመጨረሻው ውጤት በ2011 ወጣ።

አራቱ ኳሶች እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፣ እኔ ዘንድ ከ±7.2 ይልቅ የሚያሳምነው እሱ ነው። ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው፣ አላሳምረውም።

#11 ቴንሰር

አሁን ወደ (ሀ)፣ ዋናው ጥያቄ።

ግራቪቶማግኔቲዝም ቋንቋ ነው፤ የሜትሪኩን ጊዜ-ቦታ ክፍል በመስክ ስም መጥራት። ፍሬም ድራጊንግ ደግሞ ውጤት ነው፤ አካባቢያዊ ጋይሮዎች ከሩቅ ከዋክብት አንጻር መዞራቸው፣ መንስኤውም የአካሉ ጄ። ቋንቋው ከውጤቱ ሰፊ ነው። ምሳሌ፦ የማይሽከረከር ኮከብ ቀጥ ብሎ በአጠገባችሁ ቢያልፍ የቁስ ፍሰት ስላለ ኤች ዜሮ አይሆንም። ከኮከቡ ጋር አብራችሁ ብትሄዱ ግን ኤች ይጠፋል። የቆመ ቻርጅ አጠገብ ስትሮጡ የምታዩት መግነጢሳዊ መስክ ማለት ነው፤ ስትቆሙ የለም። የሚሽከረከር አካል ኤች ግን በየትኛውም ፍጥነት ብትሄዱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋላችሁም።

መለያው በኤሌክትሪክ ኤሌክትሪካዊው መስክ ከመግነጢሳዊው ጋር ያለው ነጥባዊ ብዜት ነው፤ ማንም ቢለካው አንድ ነው። በስበት የእሱ አቻ ሪማን ቴንሰር (የኅዋ-ጊዜን መጉበጥ የሚገልጸው) ከራሱ ድርብ ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው። የማይሽከረከር ማስ ዘንድ ለሁሉም ተመልካች ዜሮ ነው፣ የሚሽከረከር ዘንድ አይደለም።

በ2007 የጨረቃ ሌዘር መለኪያ ግራቪቶማግኔቲዝምን በ0.1 በመቶ ትክክለኛነት አረጋግጧል በሚል የተነሣው ክርክር እዚህ ላይ ነበር። አንዱ ወገን ምህዋሩን ያለዚያ ክፍል ማስላት አይቻልም አለ። ሌላው፣ ክፍሉ ከማጣቀሻው ምርጫ የመጣ ነው፣ ስለ ጄ የሚናገረው የለም አለ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ የመጀመሪያውም ስሌት ግን የተሳሳተ አልነበረም።

#12 ዋልታና_ወገብ

@ቴንሰር አንድ ጥንቃቄ። ያ መለያ ብዜት በሚሽከረከር አካል ዘንድ ከኬክሮስ ሳይን ጋር ስለሚሄድ ልክ ወገቡ ወለል ላይ ዜሮ ነው። እዚያ ብቻ የፈተነ ሰው "ድራጊንግ የለም" ብሎ ይሳሳታል። በአንድ ነጥብ ሳይሆን በአካባቢው ሁሉ ዜሮ መሆኑን ነው ማየት ያለበት።

#13 ጄሁለት

ጂኦዴቲኩን ፍሬም ድራጊንግ የሚሉም አሉ። ምድር ባትሽከረከርም 6606ቱ አይቀርም፤ ሁለት ሦስተኛው ከቦታ መጉበጥ የሚመጣ ነው። ስሙን አትቀላቅሉ።

እግረ መንገዴን፣ "መጎተት" የሚለውን ቃል የሚፈትን ሌላ ነገር፦ ሁለት ሳተላይት በአንድ ከፍታ በወገቡ ላይ፣ አንዱ ከምድር ዙረት ጋር፣ ሌላው በተቃራኒ። አንድ ዙር ቀድሞ የሚጨርሰው የቱ ነው?

#14 ጠርጣራው

አብሮ የሚሄደው፣ ይጎተታላ።

#15 ጄሁለት

ተቃራኒው። ወገቡ ላይ ኤች ወደ ሰሜን ነው፤ አብሮ ለሚሄደው "ፍጥነት ✕ ኤች" ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስለዚህ በዚያው ከፍታ ለመቆየት ቀስ ማለት አለበት። የሁለቱ ዙር ልዩነት 4π ጄ ÷ (ማስ × ሲ²) ነው፣ ለምድር 1.4 × 10⁻⁷ ሰከንድ ገደማ። ርቀቱም ጂም የሉበትም፣ ይህ ሁሌ ያስገርመኛል። ከዕረፍት ተለቆ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነገር ግን በዚያው ኤች ወደ ምድር ዙረት አቅጣጫ ይገፋል፤ "ጉተታ" የሚለው ስም እሱን ብቻ ነው በደንብ የሚገልጸው።

ለምን አልተለካም ለምትሉ፦ 7000 ኪ.ሜ ግማሽ ዘንግ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የምህዋር ልዩነት ያንኑ የጊዜ ልዩነት ይሰጣል።

#16 ሚሊአርክ

ቤተ ሙከራ ውስጥ አንሥራው ለሚሉም በቁጥር፦ 1000 ኪ.ግ ዲስክ፣ ራዲየሱ ግማሽ ሜትር፣ በደቂቃ 10,000 ዙር። በዘንጉ ላይ 1 ሜትር ርቀት 2 × 10⁻²² ራዲያን በሰከንድ ያህል ይወጣል። ምድር ራሷ ዋልታዋ ላይ 3.4 × 10⁻¹⁴ ትሰጣለች፣ ከ100 ሚሊዮን እጥፍ በላይ። ስለዚህ ምድር ላይ ከተባለ ተስፋው ምድርን ራሷን እንደ ምንጭ የሚጠቀመው የቀለበት ሌዘር (ብርሃንን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ አዙሮ መሽከርከርን የሚለካ) ነው። ጀርመን ቬትሴል ያለው ጎኑ 4 ሜትር የሆነ ካሬ የምድርን ዙረት እንደ 348 ኸርዝ ድምፅ ያነባል፤ የምንፈልገው ከዚያ ውስጥ ከሚሊዮንኛ ኸርዝ በታች ነው፤ የምድርን ዙረት ከኳዛሮች (እጅግ ሩቅ የሰማይ አካላት) አንጻር በራዲዮ ለክቶ መቀነስም ይጠይቃል።

ኅዋ ውስጥ ግን ትልልቅ ምንጮች አሉ። ፒኤስአር ጄ1141−6545 የተባለው ፐልሳር (በየጊዜው የራዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ) በ4.7 ሰዓት ነጭ ድንክ ኮከብን ይዞራል፤ ድንኩ በፍጥነት ስለሚሽከረከር የምህዋሩ ወለል ሲያጋድል በ2020 ታትሟል። እዚያም የጄ2 አቻ አብሮ ይገፋል፣ ማምለጫ የለም። ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ሲደረስ ደግሞ "መስክ" የሚለው ቋንቋ ራሱ ያበቃል፤ በ1963 ኬር ለሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ ባገኘው መልስ ውስጥ ኤርጎስፌር የሚባለው ክልል ማንም ቆሞ የማይቀርበት ነው፣ ሁሉም አብሮ መዞር ግዱ ነው። እዚያ ደካማ መስክ ብለን ያወጣነውን ቀመር ማስገባት አይሠራም።

#17 ኖድ_ቆጣሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ቀረኝ። የግራቪቲ ፕሮብ ቢን ቁጥር በዋልታና_ወገብ ቀመር ሞከርኩት። በዋልታ ምህዋር ላይ +2 እና −1 ሲማከሉ +½ ይሆናሉ፤ ኤ = 7027 ኪ.ሜ አስገብቼ 41 ሚሊ አርክሰከንድ ወጣ። 39.2 አይደለም። ምን ጎደለ?

#18 ኒዮቢየም

ምንም አልተሳሳትክም። የመዞሪያው ቬክተር ከምድር ዘንግ ጋር ነው፣ ጋይሮው ግን ወደ አይኤም ፔጋሲ ነው የሚያመለክተው፤ ኮከቡ ከሰማይ ወገብ 16.84 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነው። የዘንጉ ጫፍ የሚሄደው በኮሳይኑ ልክ ነው፣ 0.957። 41ዱን በዚያ አባዛ፣ 39 ታገኛለህ፤ የቀረችው ትንሽ ልዩነት ከጄ ዋጋህ ማጠጋጋት ነው።